የሆድ ትል ያልኩት ሕመም

ሮቤ ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆኜ በተቀጠርኩ በዓመቱ አባቴ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ጎባ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እህል በቀመሱ ቁጥር ጎናቸውን ይዘው ይታጠፋሉ። እኔም በሙያዬ ተማምኜ ትል ነው አልኩና መድኃኒት ሰጠኋቸው፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። እሳቸው ግን ከሱ። ኮታቸው መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ መሰለ።

የጎባው ሐኪም የአንጀት ቲቢ ጠርጥረው መርፌ አዘዙላቸው። ሁለት ወር ተወጉ፤ ለውጥ የለም።

አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ አረንጓዴ ሲያስታውኩ ደረስኩ። ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሱና ወደ ጎን ጠሩኝ።

«አንጀታቸው ተዘግቷል። ዛሬ ሆዳቸውን ካልቀደድን አንጀቱ ይበሳል።»

አባቴ አሻፈረኝ አሉ። «ሥጋዬ ሳይቆራረጥ ቅበሩኝ!»

አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። «አባባ፣ ትል ነው ብዬ ያዘገየሁዎት እኔ ነኝ። ይህን ይዤ እንዴት እኖራለሁ?»

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«አጠገብዎ ነኝ።»

«እንግዲያው ይቅደዱኝ።»

ሐኪሙ ከትንሹ አንጀት ላይ እንቁላል የሚያህል ነጣ ያለ ዕጢ አገኙ። «ይሄስ ቲቢ አይመስለኝም» አሉ። የታመመውን ቆርጠው ጤነኛውን ሰፉ፤ ቁራጩን እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ባለበት ጠርሙስ አሽገን ለምርመራ አዲስ አበባ ላክን።

መልሱ አምስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ሐኪሙ ደብዳቤውን አነበቡልኝ፦ ሊምፎማ።

«ንፍፊት የምንለው አለ አይደል? ከዚያ ዓይነት ዕጢ የሚነሳ ካንሰር ነው» አሉኝ። «ከብዙዎቹ ይልቅ ግን ለመድኃኒት እጅ ይሰጣል።»

አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። በየሦስት ሳምንቱ የካንሰር መድኃኒት በመርፌ ይሰጣቸው ነበር። አስቀድሞ ደማቸው ይመረመራል፤ ነጩ የደም ሴል ካነሰ መርፌው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ፀጉራቸው ረገፈ፤ አፋቸው ቆሰለ። በአራተኛው መርፌ ትኩሳት ጣላቸው።

«ልጄ፣ የሚገድለኝ በሽታው ነው መድኃኒቱ?»

«አላውቅም አባባ።»

ለበሽተኛ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። እጄን ጨበጥ አደረጉት።

ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃቸው። ከስድስተኛው መርፌ በኋላ ገንፎ አማረኝ አሉ፤ በልተውም ሳያማቸው አደሩ።

ጎባ ተመልሰው አራት ዓመት ሠሩ። በአምስተኛው አንገታቸው ሥር እብጠት ወጣ። ሐኪሙ በሽታው ተመልሷል፣ እንደገና አዲስ አበባ ይሂዱ ቢሏቸው «ይበቃኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አመስግነው ወጡ። በዚያው ክረምት ቤታቸው ዐረፉ።