ከፈረስ ወደቁ የተባሉት

ጋሼ ሣህሌ የአሰላው ዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ጉብታው ላይ ወጥተው ይነፉና ስሙን ይጠራሉ። ከዚያ መንገደኛው ሁሉ «ምን ሆኖ ሞተ?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ቤተሰቡ የነገራቸውን ይመልሳሉ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ግን ጥሩምባውን ሳይዙ እንኳ ሰው ቤት ሲገቡ የቤቱ ባለቤት ታማትባለች።

በ1953 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት ሦስት ጎልማሶች «ከፈረስ ወድቀው» ሞቱ። የሁለቱን ጋሼ ሣህሌ አምነው ተናገሩ። ሦስተኛው ግን ሸማኔ ነው፤ ፈረስ የለውም። በልጅነቱ ስለተረገጠ በቅሎ ሲያይ እንኳ መንገድ ይቀይር ነበር። ቤተሰቡ ከፈረስ አለ፤ እሳቸውም ከፈረስ አሉ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ማን ያጣዋል? ቄሱም አጥብቀው አልጠየቁም። ከቀብር መልስ ግን ጋሼ ሣህሌ ውስጥ «የሁለቱስ?» የሚል ነገር ገባ። ከዚያ ወዲያ የወንድ ዝምታም ሳቅም ያጠራጥራቸው ጀመር።

በየካቲት የጎረቤታቸው የገብረ መድህን የገብስ ክምር ተቃጠለ። የዓመት ልፋቱ አመድ ሆነ። ሰው «አይዞህ» ብሎት ሄደ፤ እሱም እየሳቀ ሸኘ። በሳምንቱ መንገድ ላይ ጋሼ ሣህሌን አገኛቸው።

«ጋሼ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ። ከፈረስ ወድቆ ነው ይበሉ።»

«ፈረስህን በጥቅምት ሸጠኸው የለም እንዴ?»

«የሸማኔውን ፈረስ ማን ጠየቀዎት?» አለና ሳቀ።

ጋሼ ሣህሌ አልሳቁም። ተከትለውት ቤቱ ገቡ። ሚስቱ ብርቄ ስታያቸው ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ገብረ መድህን፣ ሚስትህ ፊት ልጠይቅህ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

«አፍዎን ይዝጋው!» ጮኸች ብርቄ። «ሟርተኛ! ሥራ ቢፈቱ ሬሳ ፍለጋ መጡ?»

«ስደቢኝ፤ እሱ ግን ይመልስልኝ።»

«ማን ላከዎት?» አለ ገብረ መድህን፣ በጎን እያያቸው። «ቄሱ ናቸው?»

«ማንም አልላከኝም። ስለ ሦስቱ የተነገረኝን አወራሁ። በቁማቸው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። አንተን ጠየቅሁ።»

መደቡ ላይ ተቀመጠ። «ክምሩ ከነደደ ወዲህ ሌላ ሐሳብ የለኝም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ወዲያው በበቆጂ መንገድ የሚያርሰው ወዳጁ ከዲሮ ተጠራ። ነገሩን ሲሰማ ምክር አልጀመረም። «የእኔ ገብስ ገና አልተወቃም» አለ። «በሬ ነጂ አጥቻለሁ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ጋ ታድራለህ። የቤቴ ሰውና ቁንጫው አያስተኙህም እንጂ ብቻህንስ አትሆንም።»

ባልና ሚስቱ አብረው ሄዱ። ብርቄ ጋሼ ሣህሌን እስከ መጨረሻው አልታረቀቻቸውም፤ ባሏን ግን ከዓይኗ አላራቀችውም። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት አውድማው ድረስ ይወጡና ሰው መሃል «ዛሬስ?» ይሉታል። አንዳንድ ቀን «ዛሬም አለ» ይላል፤ ያን ቀን ቁጭ ብለው ይውላሉ።

ግንቦት ላይ፣ ለዘር ሲያርስ፣ «ኧረ ይተዉኝ ጋሼ! ዛሬም የለም፣ ነገም የለም» አላቸው።

ፊቱን ትኩር ብለው አዩት።

«የዛሬውን ሰማሁ። የነገውን ነገ መጥቼ እሰማለሁ።»