የአክስቴ ሁለት ፎቶዎች

መርሳ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው ፎቶ ቤቴ ሁለት ካሜራዎች አሉኝ። አንዱ እንደማንኛውም ባለቀለም ነው። ሌላው አንድ ባለሙያ የቀለም ማጣሪያዎቹን ከውስጡ ያወጣለት፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ አሮጌ ካሜራ ነው። ደንበኛው ሁሉ «ቀለም የማያውቅ ካሜራ ምን ይሠራልሃል?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከርሟል። ማስረዳቱ ታክቶኝ ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንኳ ቀላል ነው። ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። በባለቀለሙ እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ስለተደረገበት አንዱን ቀለም ብቻ ያያል፤ የቀረውን ከጎረቤቶቹ ይገምታል። ከነጥቦቹ ፊት ደግሞ እንደ ነጠላ ድርና ማግ ባለ ደቃቅ ነገር ላይ የሌለ ቀለም እንዳይፈጠር ብርሃኑን ጥቂት የሚበትን ስስ መስታወት አለ። በዚህ መሃል ምስሉ ትንሽ ይለዝባል። ጥቁርና ነጩ ካሜራ ግን ማጣሪያውም መስታወቱም የሉበትም፤ ያየውን እንዳየ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን አክስቴ ከውርጌሳ መጡ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው። ክረምቱን ታመው እንደከረሙ አልተነገራትም። ትምጣልኝ ብለው ግን አፍ አውጥተው አያውቁም።

«ልጄ እንዳትደነግጥብኝ፣ ደህና አድርገህ አንሳኝ» አሉኝ።

በሁለቱም አነሳኋቸውና ኮምፒውተር ላይ አጎላሁላቸው። በጥቁርና ነጩ የሻሻቸው ክር እንኳ ይለያል። የከንፈራቸው መሰንጠቅ፣ የጉንጫቸው መጉደል ቁልጭ ብሏል። እኔ በጥራቱ ደስ ብሎኛል።

«ይሄን ካሜራህን ምን በደልኩት?» አሉ። «ያንኛውን ላክላት።»

«አክስቴ፣ አንቱን በደንብ ያሳየው እኮ ይሄ ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል።»

ለስላሳውን፣ ባለቀለሙን ላክሁላት። አክስቴ ለገበያ ተመልሰው ሲመጡ ልጃቸው በእኔ ስልክ የላከችላቸውን የድምፅ መልእክት ከፈትኩላቸው።

«እማዬ፣ ማሻአላህ፣ ምንም አልተለወጥሽም። እኔ ደግሞ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር። አሠሪዬ ሁለት ዓመት ጨምሪ ትለኛለች፤ እንግዲህ እሺ እላታለሁ። ኢንሻአላህ እንገናኛለን።»

አክስቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ዘንቢላቸውን አንስተው ወጡ። ብዙም ሳይርቁ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ያን ሌላውን አጥፍተኸዋል?»

«አላጠፋሁትም፣ አለ።»

«እሱን ላክላት» አሉኝ። «እናትሽ ይቺ ናት በላት።»