የሁመድ በርጩማ

ሁመድ ጫማ የሚሸጠው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከእኔ የክርና የቁልፍ ሱቅ አጠገብ ነው። ነበር ልበል፤ ገና አፌ አልለመደውም።

ከወሎ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አንድ ልማድ ነበረው። ጫማ ሊለካ የገባውን ሁሉ በርጩማ ላይ ያስቀምጥና ራሱ ወለሉ ላይ ይንበረከካል። የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «እዚህ ጋ ይይዝሃል?» ይላል። ያለውን ሁሉ አስወርዶ ባዶ እጁን ለሚወጣውም «አላህ ይስጥልኝ» ይለዋል። አባቱ ናቸው እንዲህ ያስለመዱት፤ እግሩን ከጫማህ ያስገባ እንግዳህ ነው፣ እንግዳ አይባረርም ይሉ ነበር አሉ።

የጎዳውም ይኸው ልማድ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ለኪው በዛ፣ ገዢው ጠፋ። ገብተው ይለካሉ፣ ከጫማው ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ ያነሳሉ፣ «እመለሳለሁ ጋሼ» ብለው ይወጣሉ። ላም አለኝ በሰማይ! የሚገዙት ከቴሌግራም ነው፤ እዚያ ይረክሳል። ለምን አይረክስ? ኪራይ የለበት፣ መብራት የለበት፣ የጥበቃ መዋጮ የለበት። ወጪው ግን የትም አልሄደም፤ ሁመድ ነበር የሚከፍልላቸው። ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል።

«ማስለኪያ አስከፍላቸው» አልኩት አንድ ቀን።

«እግር ለመለካት ብር ይጠየቃል እንዴ፣ ተስፋሚካኤል?» ብሎ ሳቀብኝ።

በዚህ መሀል አከራዩ ኪራይ ጨመረ። ሁመድም የአረፋ ገበያ ካልቀናኝ ሱቁን እለቃለሁ አለኝ።

አረፋ ሲቃረብ አንዲት ሙሽራ ነጭ ጫማ ልትለካ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁመድ እንደ ልማዱ ተንበርክኳል። ልጅቷ ስልኳን ከፍ አድርጋ «ሠላሳ ስምንቱ ጠበበኝ» አለች።

«ሠላሳ ዘጠኙን ጠይቂው። ሽማግሌው አይቆጣም፣ ያወጣልሻል» አለ ከስልኩ የሴት ድምፅ።

ድምፁን እኔም አወቅሁት። አግብታ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው የሁመድ ልጅ፣ ኢክላስ ናት። ቴሌግራም ላይ ልብስ እንደምትሸጥ ነበር የምናውቀው፤ ጫማ መጨመሯን አልነገረችውም።

ሁመድ ሠላሳ ዘጠኙን አወጣ። አጠለቀላት፣ ጫፉን ጫን አድርጎ አየ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ «ሠላሳ ዘጠኝ ላኪላት ልጄ። ግራ እግሯ ሰፋ ይላል» አለ።

ስልኩ ተዘጋ።

ማታ ኢክላስ እያለቀሰች መጣች። «አባዬ፣ ሌላው ሱቅ ያባርራቸዋል። ካንተ ሌላ ወዴት ልላካቸው?» አለችው። እሱ እንባዋን ጠረገላት። አረፋ እንዳለፈ ሱቁን ለቀቀ፤ በርጩማውን ለእኔ ተወልኝ።

አሁን ኢክላስ የምትልከው ጫማ ልክ አልሆነም እየተባለ ይመለስባታል አሉ። ለሞተረኛው መላኪያም መመለሻም የምትከፍለው እሷው ናት፤ ክፍያው ትርፏን በላው።

ትናንት አንዲት ልጅ የተዘጋውን በር አይታ ወደ እኔ መጣች።

«የሚያስለኩት ጋሼ የሉም?»

«የሉም።»

«ታዲያ የት ልለካ?»

በርጩማው አጠገቤ ነበር። ተቀመጪ አላልኳትም።