ከመሄዴ በፊት የጠጣሁት ኮሶ

ሾላ ገበያ፣ ከደረቀ የኮሶ ክምር አጠገብ ሳልፍ አጥወለወለኝ። በዚህ ዕድሜዬም ያን ሽታ አልችለውም።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጀርመን ሄጄ፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ ለአንድ ዓመት እንድማር ተመርጬ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ይህን ስትሰማ ከእንጦጦ ኮሶ አስመጣች።

"ሰው ቤት ትል ይዘሽ አትገቢም" አለችኝ።

ልሄድ ሰሞን አንድ ጠዋት በባዶ ሆዴ አስቀመጠችኝ። ጣሳው ውስጥ ያለው ነገር አረፋ የያዘ ጭቃ ይመስላል። በአንድ እጇ አፍንጫዬን ይዛ በሌላው ጋተችኝ። ከምሬቱ ይልቅ ዝቃጩ ዘገነነኝ፤ እንደ አሸዋ ጥርሴ ላይ ተጣበቀ። ወደ ላይ ሲለኝ አፌን በመዳፏ ከደነችው። መዳፏ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

በዚህ መሀል የክፍሌ ልጆች ሊሰናበቱኝ መጥተው በሩን አንኳኩ። አክስቴ ሰፈሩ እስኪሰማ፣ "ኮሶ ጠጥታለች፤ ዛሬ ሰው አታይም!" አለቻቸው። ሳቃቸው ከአስፋልቱ ድረስ ተሰማኝ።

"እንኳን ሄድኩልሽ" አልኳት እያለቀስኩ።

"እዚያማ ማን ይይዝሻል?" አለች አፌን በነጠላዋ እየጠረገች። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩባት።

ጀርመን የታመምኩ ቀን የቤቱ እመቤት ኪኒንና ውሃ ከመኝታ ክፍሌ በር ሥር አስቀምጣ፣ እንዳትረብሸኝ ኮቴዋን አጥፍታ ሄደች።

"እህቴ፣ ልስጥሽ?" አለችኝ የሾላ ገበያዋ ኮሶ ሻጭ። አፍንጫዬን በገዛ እጄ ይዤ አለፍኩ።