የሳሊሃ መርዝ ፍለጋ

ሳሊሃን የሚያውቃት ሰው ፈሪ ናት ብሎ አያማትም። ዕድሜዋን የፈጀችው በሆሳዕና ገበያ ቆጮና ቅቤ ስትሸጥ ነው። ቅቤዋን አሽትቶ ፊቱን ያጨማደደ ገዢ ካለ፣ «አፍንጫህን ታጥበህ ተመለስ!» ትለዋለች፤ እሱም ስቆ ይገዛታል። ባሏ ሙኒር በሞርሲቶ መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤ ረዳቶቹ ግን እሱን ትተው እሷን ነው የሚፈሩት። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው አንዲት አተር የምታህል ነገር ያርበደበደቻት።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ገላዋን ስትታጠብ ጣቷ ከግራ ጡቷ ሥር አንድ ነገር ላይ ቆመ። ትንሽ ናት፣ ጠጠር ያለች፣ ቢጫኗት የማታም። ሳሊሃ እጇን አንስታ ቆየችና ደግማ ዳሰሰች። አለች! ሳሙናው እላይዋ ላይ እየደረቀ፣ ውኃው እየቀዘቀዘ፣ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

መጀመሪያ የታወሰቻት አክስቷ ናት። የእናቷ ታናሽ እህት በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው። አዲስ አበባ ወሰዷት፣ በመርፌ ነኳት፣ ቀደዷት፣ ሳትከርም ሞተች። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚያወራው፣ «ምነው መርፌ ባልነካት ኖሮ!» እያለ ነው። ከዚያ በፊት አክስትየዋ እብጠቱን በሻሿ ሸፍና ስንት ጊዜ እንደኖረች ግን የሚያነሳ የለም።

ሳሊሃ ለሙኒር አልነገረችም። ለልጇ ለፈቲያም አልነገረችም። ለስልኳ ግን ነገረችው። ስልክ ደግሞ አንዴ ከነገሩት ነገር አይለቅም፤ በነጋታው ገና ስትከፍተው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ ብቅ አለባት። «እህቴ ሆይ! ጡትሽን የሚበላው ቤትሽ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ነው! መርዙን ከቤትሽ አውጪ፣ በሽታውም ይወጣል!» ይላል። ቀጥላ የመጣችው ሴትዮ ጥፋቱን በብብት ሽቶ ላይ ጣለችው፤ ሌላዋ በጡት መያዣ ላይ። በእርግጥ ፕላስቲክ ለጤና ተስማሚ ነው የሚል ሰው የለም፤ ትኩስ ምግብ በፌስታል አትቋጥሩ ሲባል እኛም ሰምተናል። ሰውዬው ግን ከዚያች ፍሬ ነገር ተነስቶ ስንት ውሸት ሸመነባት! ሳሊሃም አመነችው። የፈራ ሰው ምን የማያምነው ነገር አለ?

በዚያው ቀን ጀሪካኖቹ፣ ሳፋው፣ ጆጉ፣ የፈቲያ የብብት ሽቶ፣ የሙኒር ነጠላ ጫማ ሳይቀር ከቤት ወጡ።

«ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» አለ ሙኒር በባዶ እግሩ በሩ ላይ ቆሞ። «ውኃውን በምን ልትቀጂ ነው? በእንስራ?»

«አዎ፣ በእንስራ! እናትህ በምን ነበር የምትቀዳው?»

«እናቴማ ወገቧ ተቆርጦ ነው የሞተችው!» አለና ሳቀ።

ሳሊሃም ልትስቅ ሞከረች። ያን ጊዜ ልትነግረው ነበር፤ ግን ተወችው። ብትናገረው እውነት የሚሆንባት መሰላት። ሙኒር ጫማውን ከጉድፍ መጣያው አንስቶ አራገፈና ወደ ሥራው ሄደ።

አተሯ ግን አልሄደችም። ሳሊሃ ጠዋት ጠዋት እየዳሰሰች ታያታለች፤ በሩን ቀርቅራ፣ «ዛሬ ቀንሳለች» እያለች ራሷን ትሸነግላለች። አንድ ቀን ቆጮ ልታወጣ ጉድጓዱን ስትከፍት ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። ድሮ ጉድጓዱ የሚነጠፈው በእንሰት ቅጠል ነበር። አምና ግን በሽታ የጓሮውን እንሰት ሲያጠወልገው ቅጠል ስላጠራት፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እሷም ከገበያ ላስቲክ ገዝታ አነጠፈች። ያንን ቆጮ ዓመቱን ሙሉ በልታዋለች!

«አገኘሁህ!» አለች ጮክ ብላ።

እንዴት ቀለላት መሰላችሁ! ጠላቷን በዓይኗ ያየች መሰላት። አካፋ አምጥታ ለክፉ ቀን የተቀበረውን ቆጮ ሁሉ እየዛቀች ከጓሮ ያለው ቦይ ውስጥ ደፋችው። በእኛ አገር ቆጮ መድፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይቸግራል። ልጅ የሚያድገው፣ እንግዳ የሚስተናገደው፣ ረሃብ የሚታለፈው በእሱ ነው። ሰፈርተኛው አጥሩ ላይ ተሰብስቦ አፉን ያዘ። የሙኒር እህት ዘምዘም ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ወላሂ አብደሻል! የተቀበረ ምግብ ይደፋል?»

«ላስቲኩ መርዞታል።»

«መንደሩ ሁሉ የሚያነጥፈው ላስቲክ አይደል? ታዲያ እኛ ምነው አልሞትን?»

ሳሊሃ ላስቲኩን ከጉድጓዱ ጎትታ አወጣች። እንዲያው ላስቲኩ እንኳ ጥፋተኛ ነው እንበል፤ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ክብሪቱን መወርወር እሳቱን ያጠፋዋል? ይህን ግን ያን ቀን የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም እሳት መኖሩን ለማንም አልተናገረችም።

አተሯ ባቄላ አከለች። አሁን ሳሊሃ ቅቤ ስትመዝን ደንበኞቿ ሲቀልዱባት መልስ ትረሳለች። እህል አልወርድ አላት። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ የአክስቷ ፊት ድቅን እያለባት ተመልሳለች። በመጨረሻ ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ቪዲዮ ሥር ወደተጻፈው ስልክ ደወለች። አዲሎ ከተማ ነይ ተባለች። ለሙኒር «ቅቤ ልሸምት ነው» ብላ ሄደች።

ስልኩን ያነሱት፣ ጋሽ ዳኘ የሚሏቸው ሰው መንገድ ዳር ባለች ሱቅ ውስጥ፣ በጠርሙስና በብልቃጥ ተከበው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ያመማትን ቦታ እንኳ ሳያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ሰውነትሽ ውስጥ መርዝ ተጠራቅሞ ነው። ዱቄቱን በማር ትወስጃለሽ፣ ቅባቱን ከላይ ትቀቢያለሽ። ነቅሎ ያወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ መርፌ እንዳይነካሽ! ብረት የነካው ዕለት ተበትኖ ይገድልሻል።»

ሳሊሃ ልታለቅስ ደረሰች። አክስቴም እንዲህ ነው የሆነችው! ሰውዬውን በዚያች ደቂቃ እንደ አባቷ ወደደቻቸው፤ የፈራችውን ነገር ሽሺ ያሏት እሳቸው ብቻ ናቸዋ።

ቅባቱ እሳት ነበር። በቀባችው በሳምንቱ ቆዳዋ ተልጦ ውኃ ያዥ ጀመር። ደንግጣ ደወለች።

«ጋሽ ዳኘ፣ ቆሰለብኝ!»

«ተመስገን በይ እንጂ! መርዙ መውጣት ጀምሯል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሳሊሃ፤ ጨርቅ ነክሳ ደግማ ቀባች። ወይ አለመታደል! በሽታው ውስጥ ውስጡን ሲሄድ እሷ ከላይ የሚፈሰውን እያየች ትጽናናለች።

የእንሰት መፋቂያ ወቅት ደረሰና ወደ ዘምዘም ጓሮ የጎረቤት ሴቶች ተጠሩ። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። ሴቱ ሥራው ከባድ ነውና ልብሱን አቅልሎ፣ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ በሳንቃው ላይ የተዘረጋውን እንሰት በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል እየላገ፣ ቤት ውስጥ የማይወራውን ሁሉ እዚያ ያወራል። ሳሊሃ ብትቀር ሰው ይጠይቃል ብላ ሄደች። ሻሿን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራ ተቀመጠች። መፋቂያውን አንድ ሁለት ጊዜ እንደሳበች ግራ ክንዷን ከብብቷ ጀምሮ አንድ ነገር ጨምድዶ ያዛት፤ መፋቂያው ከእጇ ወደቀ። ቁስሉ ተላቆ ሻሿ ራሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዘምዘም። መልስ አልጠበቀችም፤ ሻሹን ገለጠችው።

ሴቶቹ ሁሉ መፋቅ አቆሙ። አንዷ «ኧረ በስመአብ!» ብላ ዓይኗን ሸፈነች። ሳሊሃ ሁሉንም አወጣችው፤ አተሯን፣ ላስቲኩን፣ አዲሎን።

«ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለች ዘምዘም።

«አልሄድም! በመርፌ ይነኩኛል። መርፌ ነክቶት የተረፈ ሰው አሳዪኝ! አንድ ሰው አሳዪኝ!»

ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጡት እትዬ ገነቴ መፋቂያቸውን አስቀመጡ። የሳሊሃ የአጥር ጎረቤት ናቸው፤ በየቀኑ ሰላም ይባባላሉ፤ እሳት ተጫጭረዋል፤ ለቅሶ አብረው ደርሰዋል። እትዬ ገነቴ ተነስተው መጡና የቀሚሳቸውን ቁልፍ ፈቱ። በአንድ ወገን ጡት የለም። ሜዳ ነው፤ ከመሃል ደረታቸው እስከ ብብታቸው የሚሄድ ደብዛዛ ጠባሳ ብቻ። በዚያው ወገን ጡት መያዣቸው ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ ጠቅጥቀዋል።

«ይኸው» አሉ። «በመርፌ ተነክቻለሁ፣ ተቀድጃለሁ፣ ይኸው አለሁ። ጌታ ይመስገን፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ።»

ሳሊሃ ጠባሳውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሰውነቷ ሁሉ በንዴት ነደደ።

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ? እትዬ ገነቴ፣ አጥር ለአጥር ሆነን! እኔ የማውቀው የሞተችውን አክስቴን ብቻ ነው እኮ!»

«ሴት ልጆች ነበሩኝ» አሉ እትዬ ገነቴ አንገታቸውን ደፍተው። «ዘራቸው በሽታ አለበት ተብለው ቆመው እንዳይቀሩብኝ ፈራሁ።»

ማን ይፈርድባቸዋል? ያም ሆኖ ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው፤ በሽታው የገደላቸው በለቅሶ ድንኳን ይታወቃሉ፣ የዳኑት ጨርቅ ጠቅጥቀው ይኖራሉ። ሴቶቹ ያን ቀን እንሰቱን ሳይጨርሱ ተበተኑ።

በማግስቱ ሆስፒታል የተቀበለቻት ሐኪም ወጣት ናት። ቁስሉን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ይሄን በሽታው አላደረገውም፤ ቅባቱ ነው ያቃጠለሽ» አለች። መርፌውን ስታነሳ ሳሊሃ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ታደርግ ጀመር። ሐኪሟ «ጨረስን» ስትላት አላመነቻትም፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸችው ነገር ከኩፍኝ ክትባት አይበልጥም ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ከቀናት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነው ተባለ። ሳሊሃ የዘምዘምን እጅ ጨምድዳ ይዛ ጠየቀች።

«ከላስቲኩ ነው?»

«ከምን እንደመጣብሽ አላውቅም። አውቃለሁ የሚልሽም ካለ ይዋሻል።»

«አሁን መርፌ ነካው። ይበተናል?»

«መርፌ አይበትነውም። የሚበትነው ጊዜ ነው። ብብትሽ ሥር ደርሷል። መጀመሪያ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ጡትሽ ይወጣል።»

«እድናለሁ?»

«እንታገለዋለን» አለች ሐኪሟ። «አተር እያለ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ መልስ ነበረኝ።»

ሙኒር ሲነገረው መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ጫማዬን የጣልሽው ለዚህ ነበር?» አለ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊቷ አለቀሰ።

ኬሞው በሚጀመርበት ቀን ሙኒር ሚኒባሱን ግቢው በር ላይ አሙቆ ይጠብቃል። ፈቲያ የእናቷን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ታጥፋለች። ሳሊሃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ልጇን አየቻት፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። የሌሊት ሐሳቧ ሁሉ መጣባት። ከሞትኩ ይህን ማን ያሳያታል?

«ፈቲያ፣ ነይ። እጅሽን ስጪኝ።»

የልጅቷን ጣቶች ይዛ ከቁስሉ ዳር ባለው ጤነኛ ቆዳ በኩል አስገብታ እብጠቱ ላይ አሳረፈቻቸው። «ይሄውልሽ። ዳስሺው፣ አትፍሪ። እንዲህ ያለ ነገር በሰውነትሽ ካገኘሽ ዕለቱን፣ በዚያችው ሰዓት ትነግሪያለሽ። እንደ እኔ እንዳትሆኚ።»

ፈቲያ እጇን አላነሳችም።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«እንዲህ ያለ። በቀኙ በኩል። ትንሽ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ? ለምን አልነገርሽኝም? ፈቲያ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ለማን ነገርሽ?» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ።

ያቺ ለገበያው ሁሉ መልስ የማታጣ ሴት ተስፈንጥራ ተነሳች። ራሷ ስንት ጊዜ ሄዳ የተመለሰችበትን በር አላሰበችም፤ አክስቷንም፣ መርፌውንም አላሰበችም። የልጇን ክንድ ጨብጣ፣ ሻሿ እየተጎተተ፣ በባዶ እግሯ ግቢው መሃል ወጣች።

«ሙኒር!» ብላ ጮኸች። «ሰው እንዳትጭን! ሁለት ነን የምንመረመረው!»