የእናቴን እግር አትንኩ

የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነገር ሲነሣ ትዝ የሚለኝ ጠረን ነው፤ የአልጋ ቁስልና የአረቄ ትንፋሽ አንድ ላይ።

እናቴ የሳንባ ምች ጸንቶባት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታ ነበር። በአፏ በገባው ቱቦ ማሽን ይተነፍስላታል። እኔ ከማስተምርበት ከቡሬ ፈቃድ ወስጄ አስታማሚዋ ሆንኩ። ወንድሟና እህቷም ከሽንዲ ገጠር ዘመዱን ሁሉ አስከትለው መጥተው ግቢውን ሞሉት።

የፊዚዮቴራፒው ባለሙያ ገና ከጅምሩ ነግሮኛል። «ማሽኑ ላይ እያሉም ቢሆን እናንቀሳቅሳቸው። ተኝቶ የከረመ ጡንቻ ቶሎ ያልቃል። ሳንባቸው ድኖ እግራቸው እንዳይከዳቸው።» እናቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ውኃዋን ራሷ ከወንዝ የምትቀዳ ሴት ናት። እግሯ ከከዳት ቤቷ ተዘጋ ማለት ነው። እሺ አልኩት።

ነርሷ ቱቦውን ትይዛለች፤ እሱ ጉልበቷን ቀስ አድርጎ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ክንዷንም እንዲሁ። አንድ ቀን ጠዋት ይህን ሲያደርግ አክስቴ በበሩ መስታወት አየችው።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሬሳው ሳይደርቅ እጅ እግሩ ይቃናል። አክስቴም ያየችው ይኸንኑ መሰላት። «ወይኔ እኅቴን! ገነዟት!» ብላ ደረቷን መድቃት ጀመረች። ዘመዱም ምን ሆነች ብሎ ሳይጠይቅ እዬዬውን አቀለጠው። እኔ «ኧረ አልሞተችም!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮኽ፣ አጎቴ ለአገር ቤት ደውሎ ጨርሷል። ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ። አክስቴማ የማሽኑን ድምፅ በጆሮዋ ሰምታም፣ እናቴ ስትተነፍስ በዓይኗ አይታም እንደገና አለቀሰች። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

እውነቱ ሲታወቅ ያፍራሉ ብዬ ነበር። ማን ሊያፍር! አጎቴ ከግቢው በር ላይ አረቄውን ጠጥቶ መጣና በሰው ሁሉ ፊት፣ «ይኸ ሟርት ነው! በቁሟ እየገነዟት ዝም አንልም። ከእንግዲህ እግሯን የሚነካ ወዮለት!» አለ።

«አጎቴ፣ ይስሙኝ እንጂ፤ እንድትድን ብሎ እኮ ነው» አልኩት።

«አንች ልጅ፣ የታመመ ይረፍ ይባላል እንጅ ይጎተት ይባላል?» ካለ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ደግሞስ ያን ሁሉ ሰው አስለቅሰን፣ ተሳስተን ነው ልንለው ኖሯል?»

ተጸየፍኩት። የሥጋ ዘመዴን፣ ተሸክሞ ያሳደገኝን ሰው፣ ትንፋሹ ፊቴ ላይ እንዳለ ተጸየፍኩት። ለድንኳኑ ምክንያት እንዲገኝ የእናቴ እግር ሳይንቀሳቀስ መቅረት ነበረበት። ባለሙያው ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ዱላ ሲነሣበት ግን፣ «ቤተሰብ ካልፈቀደ ምን ላድርግ» ብሎ ተወን። እሱንም ጠላሁት። እኔ ራሴ ልሞክር ስል አክስቴ እጄን በጥፊ ትመታኝና እግሯ ላይ ጋቢ ትደርባለች። በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ። ከሥሩ የእናቴ ጀርባ ቆሰለ፤ ጠረኑ ክፍሉን ሞላው። ዘመዶቼ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው፣ «እሰይ፣ ዐረፈችልን» ይላሉ።

ሳንባዋ ዳነ። ቱቦው የወጣ ዕለት አክስቴ እልልታዋን አስነካችው። አጎቴም፣ «አላልኋችሁም? ዕረፍቱ ነው ያዳናት!» እያለ ሰውን ሁሉ ይጨብጣል።

እናቴ ከንፈሯን በምራቋ አርሳ፣ በሻከረ ድምፅ፣ «እግሬን ማን አሰረው?» አለች።

አጎቴ እየሣቀ ጋቢዎቹን ገለጠላት። «ማን ያስርሻል እቴ፤ ይኸው፣ ምንም የለብሽ» አላት።

ቀና አድርጌ ደገፍኳት። እንጨት የመሰሉትን ሁለት እግሮች ትክ ብላ አየቻቸው። ልታነሣቸው ስትሞክር ግንባሯን ላብ አጠመቀው፤ እግሮቿ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ፍታልኝ እንጅ» አለችው።