አንቱ የተባለው በግ

በግ ሰኮናው ሲከረከም እንደ ሰው ነው የሚቀመጠው። በመቀመጫው አስቀምጬ ጀርባውን ጉልበቴ መሀል አስደግፈዋለሁ፤ እግሮቹ አየር ላይ ይቀራሉ፣ ከዚያ ጸጥ። መታገል የለ፣ መጮህ የለ። ይህ ጸጥታው ከድሮም ደስ አይለኝም።

አባቴ ከጌይተርስበርግ ከተማ ወጣ ብሎ የገዛውን እርሻ ትቶልን ሞተ። እናቴ "ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አለች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሰኮና መቀስ ይዤ በጎቹ ጋ ነኝ። ያደገው ጥፍር ካልተቆረጠ ጭቃ ይይዝና ይበሰብሳል፣ በጎቹም ያነክሳሉ። እና ማን ይሥራው? ወንድሜ እንደሆነ የበግ ሽታ ገና ሲሸተው መኪናውን ያስነሳል።

በጸደይ መጀመሪያ፣ ጭጋጉ ከሜዳው ሳይነሣ፣ ትልቁን አውራ በግ አስቀምጬ ስከረክም በተከታታይ አነጠሰ። መጨረሻ ላይ ከጉሮሮው እንደ ማቃሰት አለ። ክው አልኩ። አባቴ ልክ እንደዚህ ነበር የሚያነጥሰው። ውኃ ይዛ የመጣችው እናቴ ባልዲዋን አስቀመጠችና "ይማርዎት" አለች።

እናቴ አባቴን ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው ነው የኖረችው፤ እኛ ልጆቹ እንኳ አንተ እያልነው። ከየትኛውም ክፍል ሲያነጥስ "ይማርዎት" ትላለች፣ እሱም "ያኑርሽ" ይላታል። ይሄ ግን በግ ነው። ለበግ አንቱ! ልስቅ ስል ፊቷን አየሁት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ መልስ እየጠበቀች ነበር።

"እማዬ፣ በግ እኮ ነው!"

"ዝም በይ። አትሰሚያቸውም እንዴ?"

ከዚያ ወዲህ በጉ ሣሩን ትቶ የመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር መቆም ለመደ። ያነጥሳል፣ እሷ "ይማርዎት" ትላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ቆመን ሽንኩርት ስንልጥ፣ ከጀርባችን፣ ከኮሪደሩ፣ ያው ማነጠስ ተሰማ። "ይማርዎት" አለች ዞር እንኳ ሳትል። እኔ በመስኮቱ አየሁ፤ በጉ ማዶ አጥሩ ጋ ቆሟል። በእመቤቴ እምላለሁ፣ እዚያ ማዶ! ጸጉሬ ቆመ። ቢላውን ጥዬ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

በጉ እየከሳ ሄደ። አፍንጫው ተደፍኖ መተንፈስ አቃተው። ለእንስሳት ሐኪም ኮል አደረግኩ። መጥቶ አየውና ዝንብ አፍንጫው ውስጥ ትል ጥላበት ነው፣ መድኃኒቱን በአፉ ስጡት፣ ማነጠሱንም ይተዋል አለ። እንግሊዝኛው እናቴን አላመለጣትም። ሰውዬው እንደሄደ ክንዴን ጨብጣ "አትስጪው" አለችኝ። "ድምፃቸውን አታጥፊብኝ። ሌላ ምን ቀረኝ?"

አንጀቴን በላችው። በጉ ደግሞ በአፉ እያለከለከ ያየኛል።

"እና እያየነው ይሙት?" አልኳት ተናድጄ። "አባዬም እኮ እንዲህ አየር አጥሮት ነው የሞተው!"

ምላሴን በቆረጠው! ግን አንዴ ወጥቷል።

እናቴ ሄዳ የበጉን አገጭ ቀና አድርጋ ያዘችልኝ። "ይዋጡት" አለችው በጆሮው። "ይዋጡትና ይረፉ።" መድኃኒቱን ጉሮሮው ውስጥ ለቀቅኩት።

ማነጠሱ ቆመ፣ በጉም ሥጋ ለበሰ። ቤቱ ግን ጭር አለ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቆም እያለች ታዳምጣለች፤ እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ አዳምጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሌሎቹን በጎች ስከረክም፣ አውራው የመኖውን ባልዲ በግንባሩ ገለበጠው። እናቴ ከበሩ ላይ ጮኸችበት፦

"አንተ! ሂድ ከዚያ!"

የገዛ ድምፅዋን ሰምታ ደርቃ ቀረች። በጉን አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ጭቃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ቀብሩ ላይ አንዲት እንባ ያልወጣት እናቴ፣ መቀሱን ጥዬ ስደርስ ቀሚሴን ይዛ ታለቅስ ነበር።

"ሞቱብኝ እኮ" አለችኝ። "አባትሽ ሞቱብኝ እኮ።"